ከሰው አገር የተመለሰ ሰው የማን እንግዳ ነው?



በአገራችን ሰው ለመንገድ ሲነሣ የሚደረግለት ብዙ ነው። ስንቅ ይሰነቅለታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ አባቶች ይመርቁታል፣ ጎረቤት እስከ መኪናው መቆሚያ ድረስ ይሸኘዋል፣ እናት «አደራ» እያለች እስኪሠወር ታየዋለች። ሲመለስ ግን «እንኳን ደኅና መጣህ» ከተባለና ዶሮው ከተበላ በኋላ የሚደረግለት ምን እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን መልስ የምናጣ ይመስለናል። መመለስ በእኛ ዘንድ እንደ ፍጻሜ ይቆጠራልና። ሰውየው ቤቱ ገባ፤ አለቀ። እኛ ግን በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ጉዳዩ በእውነት አልቋል ወይ ብለን ለመጠየቅ ወደድን። ካላለቀስ፣ የቀረውን መንገድ የመሄድ ግዴታ ያለበት የተመለሰው ሰው ብቻ ነው ወይስ ቤት የቆየነውም ጭምር?

ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። እኛው ራሳችን ከሠራነው በደል ነው።

እኛ የመንዝ ልጆች ነን። ያደግንበት አጥቢያ ከጓሳ ጥብቅ ቦታ አጠገብ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ከፊታችን የምናየው ጅብራና አስታ የለበሰውን ጋራ፣ ከገደሉም ወጥቶ ሣር የሚነጨውን የጭላዳ መንጋ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ስለ ሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ሰው ባናውን ተከናንቦ ከምድጃ አይርቅም። ይህን የምንጽፈው መልክዐ ምድር ለማስተማር አይደለም፤ ከጅዳ ሙቀት ወደዚህ ቦታ የተመለሰ ሰው ሰውነቱ እንኳ ስንት ወር እንደሚንቀጠቀጥ አንባቢ እንዲገምትልን ነው።

እንደሚታወቀው የሳውዲ አረቢያ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ከጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማሰር በጀመረ ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ያ ወቅት ወርኀ ጽጌ ነበረ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰብን የምንዘምርበት ጊዜ ማለት ነው። በአንድ በኩል በማኅሌት ስደቷን ስናስብ ስናድር፣ በሌላ በኩል አንዲት ፌስታል የያዙ እኅቶቻችን አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዱ ነበር። እኛ ያኔ ልጆች ስለ ነበርን ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መዋላቸውን ያስተዋልነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኋላም በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ከዚያው አገር ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ሌላ በረራ ተጀመረ። የምንነግራችሁ እኅታችን የመጣችው በዚህ በኋለኛው ጊዜ፣ በሰኔ ወር ነው።

የሄደችው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ዕድሜዋ ያኔ 17 ሲሆን፣ ደላላው ያወጣላት ፓስፖርት ግን 24 ይላል። ስሟንም ለውጦ የእስልምና ስም አወጣላት፤ በዚያን ዘመን ወደ ዐረብ አገር ከሄዱት ክርስቲያን ልጃገረዶች ብዙዎቹ እንዲህ ተደርገው ነው የሄዱት። ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ስትመለስ በእናቷ ቁጥር 26 ዓመቷ፣ በወረቀቷ ደግሞ 33 ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የላከችው ገንዘብ ለቤተሰቡ ሁለት በሬ ገዝቷል፤ የአባቷንም ቤት የጓሳ ክዳን አውርዶ ቆርቆሮ አልብሷል። ኋላ የገባችበት ቤት ግን 14 ወር አሠርቶ አልከፈላትም። ከዚያ ቤት ስትወጣ የመኖሪያ ፈቃዷ ወደቀ፤ ተያዘች፤ አምስት ወር እስር ቤት ቆይታ በበረራው ተመለሰች። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከጊዜ በኋላ ነው። አልጠየቅንምና አላወቅንም።

ያወቅነው ነገር ቢኖር «ከጅዳ የመጣች ልጅ አለች» የሚለውን ብቻ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተቀበልናት፤ መዝሙር አቀረብን፤ ዳቦ ተቆረሰ። ከእኛም መካከል አንዱ ተነሥቶ (ማን እንደ ሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁላችንም አጨብጭበናል) ለዘማርያን የደንብ ልብስና አንድ ከበሮ እንደሚያስፈልገን፣ እግዚአብሔርም እኅታችንን በዚህ ሰዓት ያመጣት በምክንያት መሆኑን አስረዳ። በሕዝብ ፊት የተጠየቀ ሰው ምን ይላል? አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። በሦስተኛው ሳምንት የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ ገንዘቡን በታናሽ እኅቷ እጅ ላከችልን። ከዚያ በኋላ ወደ ጉባኤያችን አልመጣችም። ከበሮው ዛሬም አለ። ልብሱንም ለብሰን በጥምቀት ዘምረንበታል።

ያገኘናት በጥር ወር፣ ከጓሳው ጫፍ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ነው። «እትዬ፣ ምነው ጠፋሽ?» አልናት። ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችን፦ «እናንተ ልጆች፣ እኔ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ሁሉም የሚጠይቀኝ ግን የመጣሁበትን አገር ነው።» ከዚያ ሸክሟን አንሥታ ሄደች። እኛም ቆመን ቀረን።

ይህን ንግግር ደጋግመን አስበንበታል። በእርግጥም የምንጠይቃት ሁሉ የዚያን አገር ነገር ነበር። ምን አመጣሽ? እዚያ ስንት ይከፍላሉ? ለእኔስ ልጅ መንገድ አለ? ምን ትበሉ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ሌላ መርዝ ነበረበት። «የእስላም ሥጋ በልታለች» የሚለው ሹክሹክታ ከወንዝ ወንዝ ዞሮ ነበርና። በሰው ቤት ተቀጥራ፣ በሩ ተቆልፎባት የምትኖር ሴት ልጅ የምትበላውን መርጣ እንደማትበላ ማናችንም እናውቃለን፤ እያወቅን ነው የጠየቅናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ከክሕደት እንኳ ለሚመለስ ሰው የቄደር ጸሎት አላት፤ ይጸለይለታል፣ ውኃው ይፈስስበታል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የእርሱና የንስሐ አባቱ ነው፤ ሌላ ሰው አያነሣበትም። መንደራችን ግን ለተመላሽ ያዘጋጀው ሥርዐት የለውም። ሥርዐት ስለሌለው ጥያቄው መጨረሻ የለውም፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው፣ በውኃ ጉድጓዱም በሰንበቴውም ያነሣባታል።

ሌላው የስሟ ነገር ነው። ወጥታ በገባች ቁጥር ሰው በክርስትና ስሟም ሆነ እናቷ ባወጡላት ስም ሲጠራት ቶሎ አትዞርም ነበር፤ ሦስቴ ካልተጠራች አትሰማም። ይህን አይተው «ኮራች» አሏት። እኛም ብለን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ብለን ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ኩራት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌላ ስም ስትታዘዝ የኖረች ሴት ጆሮዋ ያንን ለምዶ ነው። በመጽሐፈ ሩት የተጻፈችው ኑኃሚን ከሞዓብ ባዶ እጇን በተመለሰች ጊዜ የቤተ ልሔም ሴቶች በቀድሞ ስሟ ቢጠሯት፣ ያ ስም ከደረሰባት ኀዘን ጋር አይስማማምና ሌላ ስም እንዲሰጧት እንደ ነገረቻቸው እናስታውሳለን። የእኛዋ እኅት ደግሞ በግልባጩ ነው። የቀድሞ ስሟን ትፈልገዋለች፤ ጆሮዋ ግን ገና አልደረሰበትም። ሁለቱም አገራቸው ገብተው ሳሉ በመንገድ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ከታሪካችንም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናነሣለን። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነታቸው ተወስደው በህንድ አገር በእንግሊዛውያን እጅ አድገው፣ የሕክምና ትምህርት ተምረው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛ አይችሉም ነበር፤ ዘመዶቻቸውም የለዩዋቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ የልጅነት ጠባሳ መሆኑ ይነገራል። ይህን ታሪክ ከእኅታችን ነገር ጋር ስናስተያየው እናፍራለን። ያን ጊዜ ዘመድ የጠፋበትን ልጅ በጠባሳው ፈልጎ አገኘ። እኛ ግን የእኛን ሰው የፈለግነው በሻንጣው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እስካሁን የጻፍነውን ያነበበ ሰው ጥፋቱ ሁሉ ቤት የቆዩት ነው ሊል ይችላል። እንደ እኛ አስተሳሰብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እኅታችን አንድ ወንድም አላት፤ ከእርሷ በሁለት ዓመት የሚያንስ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዘው እርሱ ነው፤ ሚስት አግብቶ ከእናቱ ጋር ይኖራል። በመጣች በስምንተኛው ወር ቤቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሽማግሌዎችም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። እኛም ወጣቶቹ ዳር ዳር ቆመን ሰማን። ወንድሟ ያለው ይህን ነው፦ «እናቴ በታመሙ ጊዜ ተሸክሜ መሐል ሜዳ ያደረስሁ እኔ ነኝ። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ከብቱን ይዤ በውርጭ ጓሳ ላይ ያደርሁ እኔ ነኝ። አባቴን የቀበርሁ እኔ ነኝ። እርሷ ቆርቆሮ ላከች እንጂ አንድ ምስማር አልመታችም።» እኅታችን ቀና ብላ «ምስማሩንም የላክሁት እኔ ነኝ» ስትል ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልሳቀም።

ፍርዱ ቤቱ ለወንድሟ እንዲሆን፣ ለእርሷ ከጀርባ ያለችው ጓዳና ሦስት በግ እንዲሰጧት ሆነ። ምክንያቱም እርሱ እናቱን ይዟል፣ ልጅም ወልዷል የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ሙግቱን ከጠዋት እስከ ቀትር በትዕግሥት ሰምተዋል። ይሁን እንጂ ከጠዋት እስከ ቀትር «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ምናልባት ቤቱን አትፈልገውም ይሆናል። ምናልባት የፈለገችው «ይህን ቤት አንቺ ነሽ ያቆምሽው» መባልን ብቻ ይሆናል። ይህን አናውቅም፤ እኛም ቆመን ሰማን እንጂ አልጠየቅንምና።

የወንድሟ ነገር ግን ውሸት ነው ልንል አንችልም። የጠፋው ልጅ ምሳሌ በጉባኤ ሲተረጎም ሁልጊዜ ታላቁን ወንድም እንኮንነዋለን፤ ቀናተኛ እንለዋለን። ይሁንና አባቱ ለታናሹ እንደ ሮጠ ሁሉ፣ በደጅ ቆሞ ለተቆጣው ለታላቁም ወጥቶ ለምኖታል። ቤት የቆየ ሰው የሚያጣው ነገር እንዳለ ምሳሌው ያውቃል። ለእኛ ጉዳይ ግን ምሳሌው ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ሆኖ አላገኘነውም። እዚያ የሄደው ልጅ ሀብቱን በትኖ ነው የተመለሰው። የእኛዋ ግን ሄዳም የሠራች፣ ቤቱንም ያቆመች ናት። እንደ ታናሹ ርቃለች፤ እንደ ታላቁም ደክማለች። የእርሷን ድካም ከወንድሟ ድካም ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ደግሞ አይቻልም። ገንዘብ ይቆጠራል፤ የታመመ ሰው ተሸክሞ ሌሊት መሄድ በምን ይቆጠራል? በተቆለፈ ቤት ውስጥ ያለፈ ሌሊትስ? እኛ ይህን ለመፍታት ሞክረን አልቻልንም። የቻልነው አንድ ነገር ማየት ብቻ ነው፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሌሊት አላየም።

ይህ ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከእርሳቸው ጋር ከእንግሊዝና ከኢየሩሳሌም የተመለሱ ስደተኞች ነበሩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ራስ አበበ አረጋይ ያሉ በሸዋ ዱርና ገደል አምስቱን ዓመት የተዋጉ አርበኞች ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሹመቱና ክብሩ ለማን ይገባል የሚለው ቅሬታ ለረጅም ጊዜ አልበረደም። አርበኛው «እኔ ደሜን ሳፈስ አንተ በሰላም አገር ነበርህ» ይላል፤ ስደተኛው «እኔም በባዕድ አገር ስለ አንተ ስጮኽ፣ ስራብ ነበርሁ» ይላል። የእኅታችንና የወንድሟ ክርክር የዚህ ትንሹ ነው። እርሷ የመጣችበት ዓመት ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ የተመለሰበት ዓመት ነበረ። የእኛ ሰዎች ሲያወሩ «ያን ጊዜ አልነበርሽም» የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው። እውነት ነው፤ አልነበረችም። እነርሱም ከእርሷ ጋር እስር ቤት አልነበሩም።

እንግዲህ ማን ማንን ይልመድ? ብዙ ሰው «አገሯ ነው፤ ትለምደዋለች» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ የተደበቀ ስሕተት አለ፤ አገሩ እንዳለ የቆየ፣ የተለወጠችው እርሷ ብቻ እንደ ሆነች ያስመስላል። እርሷ የሄደችው ከሣር ቤት ነው። በሄደች ጊዜ አባቷ በሕይወት ነበሩ፤ ወንድሟ እረኛ ነበረ። የተመለሰችው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ በመንዝ ውርጭ ምን ማለት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በጓሳ ሣር በደንብ የተከደነ ቤት ሙቀቱን ይይዛል፤ ቆርቆሮው ግን ሌሊት በረዶ ያስመስላል። በመጀመሪያው ክረምት በራሷ ገንዘብ በተገዛው ጣሪያ ሥር በብርድ እየተንቀጠቀጠች ማደሯን ለእናቷ አጫውታቸው «አወይ ልጄ፣ ሣሩን ባላስነሣነው ኖሮ» ብለዋታል አሉ። ያደገችበትን ቤት ያፈረሰችው ራሷ ናት፤ ከሩቅ ሆና፣ በፍቅር።

የቀድሞ ሰዎች ለተመላሽ የሚሆን ሕግ ነበራቸው። የርስት ሕግ ማለታችን ነው። አንድ ሰው ከአገሩ ርቆ ኖሮ እርሱ ወይም ልጁ ቢመለስ፣ ሐረጉን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ካስረዳ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበረ፤ ሴትም በእናትም በአባትም በኩል ትወርሳለች። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። ይህን ስንል ያ ዘመን ይመለስ ማለታችን አይደለም። ሐረግ የሌለው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ በዚያ ሕግ ድርሻ አልነበረውም፤ ሙግቱም ወንድማማች ያፋጅ ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን ተብሎ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ቀርቷል። ነገር ግን ያ ሕግ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ የሄደ ሰው ባልነበረበት ጊዜም ቢሆን ቦታው እንዳለ ይቆጥርለታል። ሲመለስ «ምን አመጣህ?» አይለውም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። የዛሬ ወጣት መሬት የለውም፤ የሚጠብቀው ድርሻም የለም። የሚሄደውም በዚህ ነው፤ ሲመለስ የሚገባበትን የሚያጣውም በዚህ ነው።

ጓሳም ራሱ በሕግ የቆየ ቦታ ነው። አባቶቻችን አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚዎች ጀምሮ ይቆጥራሉ፤ አራት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ቄሮ የሚባል ሥርዐት ነበራቸው። (ዛሬ በሌላ ትርጉም ከሚታወቀው ቃል ጋር እንዳይምታታብን።) በዚህ ሥርዐት ጓሳው ለሦስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል፤ ሣር ማጨድም ከብት ማስገባትም ክልክል ነው። ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ሲደርስ ይከፈታል፤ ባለድርሻው ሁሉ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ሥርዐቱ ሲቀር ጓሳው ተጎድቶ ነበር፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ መልሶ ደንብ አውጥቶ ጠብቆት፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ በመንግሥትም ታውቋል። ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ የተረፈልን በዚህ ነው።

ከእኛ መካከል አንዱ ይህን አስቦ «ለተመላሽም እንዲህ ያለ ቄሮ ያስፈልግ ነበር» አለ። ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት ማንም አይጠይቃት፤ ለማኅበርም፣ ለሠርግም፣ ለብድርም ማንም እጁን አይዘርጋባት፤ ያልደረሰ ሣር አይታጨድምና። ሐሳቡን ወደድነው፤ በቃለ ጉባኤም ለመጻፍ ተነሥተን ነበር። ሌላዋ ጓደኛችን ግን ተቃወመች። «ሣር ሲዘጋበት ደስ ይለዋል፤ ሰው ግን ሲዘጋበት ይሞታል። ባትጠይቋት ጊዜ እኮ አልተፈወሰችም፤ ብቻዋን እንጨት ስትሸከም ነው ያገኛችኋት» አለችን። መልስ አልነበረንም። እጅን መሰብሰብና ሰውን መተው አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ በሥራ ግን እንዴት እንደሚለዩ ስንወያይ መሸብን። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፦ ከእንግዲህ ከሰው አገር የመጣ ሰው በጉባኤያችን ፊት ቆሞ ቃል እንዲገባ አንጠይቅም። የከበሮውንም ዋጋ በየወሩ እያዋጣን ለመመለስ ተስማማን። ገንዘቡን ስንወስድላት ለመቀበል እምቢ አለች፤ ሁለተኛ ስንሄድ ለእናቷ መድኃኒት ይሁን ብለን ለእናቷ ሰጠን። እናቷም «ልጆቼ፣ ቡናው ደርሷል ተቀመጡ» አሉን። እርሷም መጥታ ተቀመጠች። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዐረብ አገር አንድም ጥያቄ ሳንጠይቃት ዋልን። ያወራነው ስለ በጎቿ ነው፤ ሦስቱ አምስት ሆነዋል። ስለ ጠጉሩ ዋጋ፣ ባና የሚሠሩት ሰዎች እንደ ቀድሞው አለመብዛታቸውን፣ ይህን የመሰለውን።

እኛም ብንሆን ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስንመጣ ትንሽ ትንሽ እንቀምሰዋለን። እናቶቻችን ድሮ በምድጃው ዳር ይሰጡን የነበረውን ቡና አሁን በሰሐን አድርገው ያቀርቡልናል፤ ወንበሩንም ይጠርጉልናል። ክብር ነው፤ ግን ደግሞ «ከእንግዲህ የቤት ልጅ አይደላችሁም» የሚል ነገር አለበት። አራት ወር ርቀን ይህ ከተሰማን፣ ዘጠኝ ዓመት ምን ይሆን?

ባለፈው ክረምት እኅታችን እኛ ዘንድ መጣች። ለፓስፖርት የሚቀርበው ማመልከቻ በስልክ የሚሞላ ስለ ሆነ እንድንሞላላት ነው የፈለገችው። ዳግመኛ ልትሄድ ነው። በዚህ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ፣ ሥልጠናዋን ወስዳ፣ ውሏን አይታ እንደምትሄድ ነገረችን። ከመካከላችን ሁለቱ «አትሂጂ» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ያቺን ከጀርባ ያለች ጓዳ አሰብን፤ አምስቱን በጎች አሰብን፤ ማን ነን ብለን ዝም አልን። ዝምታችን ትክክል ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ማመልከቻውን መሙላት ጀመርን። የትውልድ ዘመን ከሚለው ላይ ስንደርስ ቀና ብለን አየናት። «በእናቴ ቁጥር» አለች፤ ትክክለኛውን ጻፍን። ስም የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ስልኩን ከእጃችን ወሰደች። ፊደሎቹን በስልኩ ላይ እየፈለገች፣ አንዳንዴም እየሳተች እየመለሰች፣ እናቷ ያወጡላትን ስም እስከ አባቷና እስከ አያቷ ድረስ በገዛ እጇ ጻፈችው። ሲያልቅ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ ስልኩንም መለሰችልንና «ቀጥሉ» አለችን።